የእንስሳት በሽታ ሪፖርት ከወረቀት ወደ ስልክ፦ ላኪም ተቀባይም ሆኜ ያየሁት

ይሄን የምጽፈው የእንስሳት ጤና መረጃን ከወረቀት ወደ ስልክ ለማዞር እየተዘጋጃችሁ ላላችሁ፣ ወይ ደሞ "አዲስ አፕ መጥቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው" ተብሎ ስልካችሁ ላይ ለተጫነባችሁ ነው። እኔ መጀመሪያ መስክ ላይ አካሚ ነበርኩ፣ በኋላ ደሞ ከየቦታው የሚመጣውን ሪፖርት ተቀብሎ የሚያጣራ ሥራ ላይ ተመደብኩ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ። ስለ ሶፍትዌሩ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፣ እኔ የማወራው ሶፍትዌሩ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ወረቀቱን የሠራችሁበት ታውቁታላችሁ። ክሊኒኩ መዝገብ አለው፣ በየቀኑ የመጣው እንስሳ ይጻፍበታል፣ ወር ሲያልቅ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በየበሽታው ይደምርና ፎርም ላይ ይገለብጠዋል፣ ያ ፎርም ወደ ላይ ይሄዳል፣ እዚያም ከሌሎች ጋር ተደምሮ ሌላ ፎርም ላይ ይገለበጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ክትባት መላክ የሚችለው ሰው ጋ ሲደርስ የቀረው ቁጥር ብቻ ነው፣ የት መንደር ነው፣ መቼ ጀመረ፣ ስንት ከስንት ታመመ የሚለው መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀርቷል። የበግና ፍየል ደስታ የሚባለውን በሽታ ውሰዱ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ነው፣ የወሩ ሪፖርት እስኪጠቃለል ድረስ በሽታው ከመንጋ መንጋ ስንቴ ተላልፎ ሊሆን እንደሚችል አስሉት። ይሄ እንግዲህ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ላይ እናጠፋዋለን ተብሎ የታቀደለት በሽታ ነው። የከብቱ ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 መጥፋቱ የታወጀው በክትባት ብቻ አይደለም፣ በሽታው ተደብቆ የቀረባቸውን ቦታዎች አሳዶ በማግኘትም ነው፣ ያ ደሞ የመረጃ ሥራ ነው።

ስልኩ ሲመጣ ፍጥነቱን ፈታው፣ ይሄን አልክድም። ማታ የተሞላ ፎርም ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ። ግን መጀመሪያ ላይ የጎረፈው ሪፖርት እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ፣ ስብሰባ ላይም "ሠራተኛው ቴክኖሎጂ አልለመደም፣ ተጨማሪ ስልጠና ያስፈልጋል" ይባል ጀመር። ይሄ አባባል ሁሌም ያስቀኛል፣ ምክንያቱም እነዚሁ "አልለመዱም" የተባሉት ሰዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ነበሩ፣ አፏ የቆሰለ ፍየል ፎቶ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ የሚያነክስ በሬ ቪዲዮ፣ "ይሄ ምንድነው ወገን፣ መርፌ ወጋሁት አልተሻለውም" የሚል የድምጽ መልእክት። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የረጅም ጊዜ ቴክኒሽያን ነበሩ፣ ስልክ አጠቃቀማቸው ከእኔ ይሻላል፣ ደውዬ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ቴሌግራም ላይ የለጠፉትን ለምን ፎርሙ ላይ አልሞሉትም?"

"ልጄ፣ እዚያ ስለጥፍ አንዱ ባይመልስ አንዱ ይመልስልኛል። የእናንተው 'ተልኳል' ብሎኝ ዝም። ማን ያየዋል ብዬ ነው የምሞላው?"

ከዚያ በኋላ ስልጠና ጨምሩ የሚለውን ትቼ መልስ ጨምሩ ማለት ጀመርኩ። ዛሬም ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የምለው ይሄንኑ ነው፣ የመረጃ ልውውጥ ካላችሁት ልውውጥ ይሁን፣ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ እንግዲህ ያው የድሮው ፎርም ነው።

መልሱን በተግባር እንዲህ አደረግነው። ሪፖርቱ ሲገባ ወዲያው በኤስኤምኤስ አጭር መልእክት ይሄዳል፣ ደርሷል፣ ቁጥሩ ይሄ ነው ብሎ። ያ ማሽን ነው፣ ማሽን መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ዋናው የሚቀጥለው ነው፣ በየቀኑ አንድ ተረኛ ሰው አለ፣ ስሙ ተለጥፏል፣ የገባውን ሁሉ ያያል፣ በዚያው የሥራ ቀን ደውሎ ወይ ጽፎ ያነጋግራል። የሚሰጠው መልስ ጥሩ ዜና መሆን የለበትም። "ዛሬ የምልክልህ ቡድን የለም፣ እስከዛ የታመሙትን ለይልኝ፣ ውሃና ግጦሽ ከሌሎቹ ጋር እንዳይጋሩ አድርግ፣ ገበያም እንዳይወስዷቸው ንገርልኝ" ማለት ይቻላል፣ ሰው ይሄን ሰምቶ አይከፋውም፣ የሚከፋው ዝምታው ነው። በመጨረሻ ነገሩ ሲዘጋ ምን እንደተገኘና ምን እንደተደረገ ለላኪው ይነገረዋል። ታዲያ በጀት ስትይዙ ለታብሌትና ለሰርቨር ብቻ አትያዙ፣ የተረኛውን ሰው ጊዜ ያዙ፣ እሱ ነው ውድ የሆነው።

አሁን ወደ ፎርሙ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ "በሽታው ምንድነው?" ከሆነ ፎርሙ ከጅምሩ ተበላሽቷል በሉት። መስክ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ምልክት ነው። ፍየሎቹ ያስላሉ፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ አንዳንዶቹ ያስቀምጣቸዋል፣ ይሄ ደስታ ሊሆን ይችላል፣ የሳምባ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አብረው ሊሆኑም ይችላሉ። አንዱን ምረጥ ብላችሁ ካስገደዳችሁት የለመደውን ይመርጣል፣ ጥንቁቅ የሆነው ደሞ እርግጠኛ እስኪሆን ብሎ ሪፖርቱን ያቆየዋል፣ ሁለቱም ይጎዳችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የእንስሳው ዓይነት፣ ከዛ ምልክቶቹ ከፎቶ ጋር፣ የሚያየውን ሁሉ ምልክት ያድርግባቸው፣ መጨረሻ ላይ "ምን ትጠረጥራለህ?" በሉት፣ "አላውቅም" የሚል ምርጫም ይኑረው። የበሽታ ስም በእጅ እንዲጻፍ አትተዉ፣ አባ ሰንጋ፣ አባሰንጋ፣ አንትራክስ ተብሎ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሦስት በሽታ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ያንን እያስተካከለ የሚያመሸው ደሞ እንደ እኔ ያለ ሰው ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ለበሽታው የተጋለጠ ስንት፣ የታመመ ስንት፣ የሞተ ስንት፣ እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ሪፖርቱ ወሬ ነው። ፎርም የሚሠራው ባለሙያ ብልህ ሆኖ ሕግ ያስገባበታል፣ የሞተው ከታመመው አይበልጥም፣ የታመመው ከተጋለጠው አይበልጥም ብሎ። ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን አባ ሰንጋን አስቡት፣ ማታ ደህና የገባ ከብት ጠዋት ሞቶ ነው የሚገኘው፣ ሲታመም ያየው የለም፣ ስለዚህ ሠራተኛው የታመመ 0፣ የሞተ 3 ብሎ ይሞላል፣ ፎርሙም "ስህተት ነው" ብሎ አላልፍም ይለዋል። በጣም አስቸኳይ የሆነው ሪፖርት በገዛ ሕጋችን ተዘግቶ ቀረ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ጥያቄውን "የታመሙ (የሞቱትን ጨምሮ)" ብላችሁ ጻፉት፣ እዚያው ጥያቄው ሥር፣ ስልጠና ላይ ተነግሮ የሚያስታውሰው የለም።

ደሞ የድምር ጣጣ አለ። ሰኞ 12 ታመመ ይላችኋል፣ ሐሙስ 15 ይላችኋል። 27 ነው ወይስ 15? ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ፣ ግማሹ አዲሱን ብቻ ይልካል፣ ግማሹ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያለውን ደምሮ ይልካል፣ ዳሽቦርዱ (የገባውን ሁሉ ደምሮ የሚያሳየው ገጽ) ደሞ ሁሉንም ደምሮ የአገር መንጋ ያለቀ ያስመስለዋል። ለክትትል የተለየ አጭር ፎርም ይኑራችሁ፣ በመጀመሪያው ሪፖርት ቁጥር የተያያዘ፣ ጥያቄውም "ካለፈው ሪፖርትህ ወዲህ አዲስ የታመመ ስንት?" ይሁን። አንድን ወረርሽኝ ሦስት ሰው ከሦስት አቅጣጫ ቢልከው አትቆጡ፣ አትሰርዙትም፣ ተረኛው እያያቸው አንድ ላይ ያያይዛቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኖ የላከውም ሰው "ተደግሟል" ተብሎ ከተመለሰበት ሌላ ቀን አይልክም።

ቀን ስትጠይቁ አንድ ቀን አይበቃም። ምልክቱ የጀመረበት፣ ሠራተኛው ያየበት፣ የተላከበት ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው ሥርዓታችሁ ፈጠነ ወይስ አልፈጠነም የሚለውን የሚነግራችሁ። የተላከበትን ስልኩ ራሱ ይመዝግብ። ኦዲኬ በሚባለው የስልክ ፎርም መሙያ የምትሠሩ ከሆነ የቀን ጥያቄው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፣ ፎርሙ የሚሠራበት ኤክሴል ላይ አፒራንስ በሚለው አምድ ነው የሚታዘዘው፣ ውስጥ ለውስጥ ግን በፈረንጅ ተቀይሮ ይቀመጣል፣ ማንም በጭንቅላቱ ማስላት አይጠበቅበትም።

ጂፒኤስ ላይ የሚያስቅ ነገር አይቻለሁ። ካርታውን ስንከፍተው ወረርሽኙ ሁሉ የተከማቸው ቢሮና ክሊኒክ አካባቢ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሰው መስክ ላይ ማስታወሻ ይይዝና ቢሮ ገብቶ ቁጭ ብሎ ነው ፎርሙን የሚሞላው፣ ስልኩ ደሞ ያለበትን ቦታ በታማኝነት ይመዘግባል። ክሊኒክ ድረስ ተነድቶ የመጣ እንስሳም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ መንደሩን ከዝርዝር እንዲመርጥ አድርጉ፣ ጂፒኤሱ ተጨማሪ ይሁን፣ "አሁን ያለኸው እንስሳቱ ያሉበት ቦታ ነው?" የሚል አንድ ጥያቄም ጨምሩበት፣ አይደለም ካለ መጋጠሚያውን (ጂፒኤሱ የሚሰጠውን የቦታ ቁጥር) አይውሰድ።

ኔትወርክ ነገር ብዙ አላወራም፣ ኦዲኬም እሱን የመሰለው ኮቦ ቱልቦክስም ያለ ኢንተርኔት ተሞልቶ ኔትወርክ ሲገኝ የሚላክ ናቸው፣ ያ የተፈታ ጉዳይ ነው። የሚረሳው ፎቶው ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ከባድ ነው፣ አራት ፎቶ ያለው ሪፖርት ደካማ ኔትወርክ ላይ ሲንከባለል ያድራል፣ ፎርሙ ላይ የፎቶውን መጠን የሚቀንስ ትእዛዝ አለ፣ እሱን አስገቡ። ስማርት ስልክ ለሌለው የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኛ ደሞ ኤስኤምኤስ ወይ ዩኤስኤስዲ (በኮከብና መሰላል ቁጥር ተደውሎ የሚሞላው) በቂ ነው፣ የእንስሳው ዓይነት፣ የታመመ፣ የሞተ፣ መንደር፣ በቃ፣ ሌላውን ተረኛው ደውሎ ይጠይቀዋል።

እና አንድ ነገር፣ አስቸኳይ ሲሆን ፎርም አይቅደም። ድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይ ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈስ ከብት ካያችሁ መጀመሪያ ደውሉ፣ ፎርሙ በኋላ ይደርሳል። ሬሳው አይከፈትም፣ ሥጋው አይበላም፣ ቆዳው አይገፈፍም፣ ሲከፈት ባክቴሪያው አየር አግኝቶ ስፖር የሚባል በቀላሉ የማይሞት ዓይነት ይሆናል፣ ስፖሩ ደሞ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ይሄን ማስጠንቀቂያ ፎርሙ ውስጥ አስገብተነዋል፣ ድንገተኛ ሞት የሚለውን ሲመርጡ የስልክ ቁጥርና "አትክፈቱት" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ፎርም ጥያቄ ብቻ መሆን የለበትም፣ በዚያችው ደቂቃ የሚጠቅም ነገር መስጠትም ይችላል፣ ሠራተኛውም አፑን የሚከፍትበት አንድ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ወደ ላብራቶሪው (ላብ እንለዋለን) ልውሰዳችሁ። ከሁሉም በላይ መረጃ የሚጠፋው ከመስክ እስከ ላብራቶሪ ባለው መንገድ ነው። ሳምፕሉ ይወሰዳል፣ ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ላብ ሲደርስ ቱቦው ላይ ያለው ጽሑፍ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል፣ አብሮ የመጣው ወረቀት ደሞ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ተጣብቋል። ላቡ ውጤቱን ቢያገኝ እንኳ የማን እንደሆነ አያውቅም። እኛን የገላገለን አስቀድሞ የታተመ ውሃ የማያስለቅቀው ባርኮድ ነው፣ አንድ ቁጥር በሦስት ቅጂ፣ አንዱ ቱቦው ላይ፣ አንዱ መዝገቡ ላይ፣ አንዱ መጠባበቂያ። ሠራተኛው ፎርሙን ሲሞላ በስልኩ ካሜራ ስካን ያደርገዋል፣ ላብ ሲቀበል ስካን ያደርገዋል፣ ውጤቱ በዚያው ቁጥር ተመልሶ ለላከው ሰው ይደርሳል። ላቦቹ የሚዘነጉት አንድ ውጤት አለ፣ "ሳምፕሉ አይሠራም" የሚለው። ደሙ ፈራርሷል፣ ቅዝቃዜው ተቋርጧል፣ መጠኑ አንሷል ብለው ይጥሉታል፣ ለላኪው ማንም አይነግረውም፣ እሱም ውጤት እየጠበቀ ይከርማል፣ በሚቀጥለውም በዚያው መንገድ ይልካል። ይሄም እንደ ውጤት ተቆጥሮ ከነምክንያቱ ይላክ።

ምንም የለም የሚለውም ሪፖርት ነው። በሳምንት አንዴ "በአካባቢዬ የታየ በሽታ የለም" የሚል አንድ ጠቅታ ካልኖረ ዝም ያለው ወረዳ ጤነኛ ነው ወይስ ሠራተኛው ለቋል የሚለውን አትለዩትም።

አሁን ሰው ስለሚፈራው ነገር። ሠራተኛው "ይሄን ብልክ አገር ይወራል፣ ኤክስፖርት ይቆማል፣ ተጠያቂ እሆናለሁ" ብሎ ይፈራል። እዚህ ላይ አሠራሩን ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት፣ ዋሂስ በሚባለው ሥርዓት የሚያሳውቀው የአገሪቱ ማዕከላዊ የእንስሳት ሕክምና ባለሥልጣን ብቻ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚባለውም ማሳወቅ ሊታወቅ የሚገባው ክስተት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። መስክ ላይ ያለ ሰው የላከው ጥርጣሬ ነው፣ ጥርጣሬው ትክክል ባይሆን የሚጠየቅበት ነገር የለም። አርቢውም ይፈራል፣ ከብቴን አትሽጥ ሊሉኝ ነው ብሎ፣ ፍርሃቱም ከመሬት የመጣ አይደለም። ስለዚህ የአርቢው ስምና የቤቱ መጋጠሚያ ብዙ ሰው የሚያየው ዳሽቦርድ ላይ አይውጣ፣ በወረዳ ደረጃ ይታይ፣ ዝርዝሩን ተረኛውና ሊያክም የሚሄደው ሰው ካዩት በቂ ነው። ቴሌግራሙ ላይ ያለው ትልቁ ችግርም ይሄ ነው፣ የሰው ስም፣ ግቢ፣ ፊት፣ ሁሉም ተለጥፎ ይዞራል፣ ግሩፑን ጠቅልላችሁ አትዝጉ ግን "ለምክክር እንጂ ለሪፖርት አይደለም፣ የባለቤት ስም አይለጠፍ" ብላችሁ ሕግ አውጡለት።

ከሰው ጤና ጋር መገናኘት ሲባል ሁሉም ሁለቱን ሲስተም አንድ እናድርግ ብሎ ይነሳና ዓመታት በስብሰባ ያልቃሉ። ብዙ አገር የሰው ጤናው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል የመረጃ ሲስተም ነው የሚሠራው፣ የእንስሳቱ በሌላ ነው፣ ይሁን። ለውሻ በሽታና ለአባ ሰንጋ የሚያስፈልገው ትንሽ መልእክት ነው፦ ምን ተጠርጥሯል፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው ተነክሷል ወይ ሥጋውን ነክቷል። ይሄ አጭር መልእክት በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ከደረሰ ሥራውን ሠርቷል፣ በውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ሰው የማዳን ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲደርስ ነው።

ስልጠና ላይ የልምምድ ሪፖርት ትልካላችሁ አይደል? የልምምዱን ለብቻው አድርጉት፣ ሌላ ፕሮጀክት፣ ሌላ ቀለም። አንድ ቦታ ሠልጣኞች ለሙከራ የላኩት "500 ላም ሞተ" እውነተኛው ዳሽቦርድ ላይ ወጥቶ አለቆች ተደዋውለው ቡድን ሊንቀሳቀስ ሲል ነው የተደረሰበት፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቁጥር ሲመጣም "ሙከራ ይሆናል" ማለት ተጀመረ፣ እሱ ነው የባሰው።

የመጨረሻው የባለቤትነት ነገር ነው። በአንድ ፕሮጀክት የመጣ አፕ ሞልተን ሞልተን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰርቨሩ አልተከፈለበትም ተብሎ ተዘጋ፣ ውስጡ የነበረውን ማንም አላወጣውም። ወዲያው ሌላ ፕሮጀክት ሌላ አፕ ይዞ መጣ፣ አንዳንዱ ሠራተኛ ስልክ ላይ ሦስት አፕ ነበር፣ አንዱን ወረርሽኝ ሦስት ጊዜ ሙላ ይባላል። አዲስ ነገር ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሰርቨሩን ማን ይከፍላል እስከ መቼ፣ ዳታው በየወሩ በኤክሴል ወጥቶ እኛ ጋ ይቀመጣል ወይ፣ የለቀቀ ሠራተኛ ፓስዎርድ የሚዘጋው ማነው። የክሊኒኩን የወረቀት መዝገብ ደሞ ቶሎ አትጣሉት፣ ስልክ ይወድቃል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ቻርጅ የማይገኝበት ሳምንት አለ፣ መዝገቡ ካለ ግን ቆይቶም ቢሆን ስልኩ ላይ ይገባል። የዳታ ካርዱን ወጪ ሠራተኛው ከኪሱ እንዲሸፍን የተደረገበት ቦታ ሁሉ ሪፖርቱ ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት ብቻ ነው የሚመጣው፣ ከቴሌ ጋር ተነጋግራችሁ ለዚያ አፕ ብቻ የሚሠራ ነጻ ዳታ ወይ ለላኪው የማይቆጥር ኤስኤምኤስ አስፈቅዱ፣ እሱ እስኪሳካ ካርዱን በወሩ መጀመሪያ ስጧቸው እንጂ ደረሰኝ አምጡና እንመልስላችኋለን አትበሏቸው።